ወንፊቱ ያሳለፈው

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ባለሽበት በጤና ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ደህና ያልሆነው። ባለቤቴ እንደ ወትሮው ጎህ ሲቀድ ወደ ክር ፋብሪካዋ ትሄዳለች። እኔ ከፊት ለፊቱ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ ወስፌዬንና ማስቲሼን ይዤ የሰው ጫማ ስሰፋ እውላለሁ። ልጃችን ድንቡሼ አጠገቤ ካርቶን ውስጥ ቁጭ ብላ የተረከዝ ላስቲክ ልትበላ ትታገላለች።

እታለም፣ ይህን የምጽፍልሽም ለመብል ጉዳይ ነው። ድንቡሼ ስድስት ወር ሞላት። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ነርሷ፣ "ከጡት ጋር ምግብ የምትጀምርበት ጊዜ ደርሷል፤ ለስላሳ ነገር፣ በትንሽ በትንሹ፣ አንድ በአንድ እያያችሁ" አለችን። "ይሄማ ምን ችግር አለው" ብዬ ወጣሁ። ችግሩ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

አማቴ እማማ ቀን ቀን ልጅቷን ሊይዙልኝ ይመጣሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ያለ እሳቸው አንድ ሶል አልለጥፍም። ግን ምን እንደሚያደርጉ ልንገርሽ? ድንች ይቀቅላሉ፤ ይልጣሉ፤ ከዚያ ራሳቸው አፍ ውስጥ ይከቱታል። በቀሩት አራት ጥርሶቻቸው ያላምጡታል፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ለሃጫቸው አገጫቸው ላይ እስኪወርድ። ከዚያ በጣታቸው ጠርገው ያወጡና ያንን የሚያዳልጥ ነገር ልጄ አፍ ውስጥ! መጀመሪያ ያየሁ ቀን መዶሻዬን ጥዬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የበላሁት ቁርስ እንዳለ ተመለሰ። ስገባ ድንቡሼ እንደ ወፍ ጫጩት አፏን ከፍታ ሌላ ትጠብቃለች። እማማ ሳቁብኝ። "ሚስትህንስ በምን ያሳደግኳት መሰለህ?" አሉኝ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስቴን ስስም እንኳ ድንቹ ትዝ ይለኛል።

አማት ናቸዋ! ምን ብዬ ልጀምር?

አንቺ ግን የሕፃናት ምግብ ፋብሪካ ውስጥ ነሽ። ያ የሚስቅ ሕፃን ሥዕል ያለበት ቆርቆሮ እዚህም ገበያ ላይ አለ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ከምንጩ ሁለት ሦስት ብትልኪልኝ ልጄን ታድኛታለሽ። ላዩ ላይ "የሰው እጅ ያልነካው" ይላል። እኔ የምፈልገው ይህችኑ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለአቶ ቀፈፈኝ፤

ሰላምህ ይብዛ፣ የቤትህ በረከት አይጉደል። እማማንና የድንቡሼን ሁለት ጉንጮች ሳሚልኝ ብዬ ለባለቤትህ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ አንተማ ድንቹን እየፈራህ አትስምም።

ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞር ዞር ብሎ አየኝ። አትለወጥም አንተ! ዝንብ ያረፈበት ቀርቶ የዝንብ ጥላ ያረፈበትን ወተት አልጠጣም ትል ነበር። ቀኑን ሙሉ የስንቱን እግር ላብ ጭንህ ላይ አድርገህ ስታሽ እየዋልክ የአንዲት ባልቴት ምራቅ ይገድልህ?

ቆርቆሮውን በተመለከተ፣ ሠራተኛ ሲወጣ በር ላይ ይፈተሻል፤ አይሆንም። ደግሞ ድንች ምን አደረገህ? ዱባ አለ፤ ካሮት አለ፤ በደንብ የበሰለ ሙዝ አለ። እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ቀቅል፤ በሹካ ደፍጥጠው፤ በእናቷ ጡት ወተት አቅጥነው። አንዱን ዓይነት ሁለት ሦስት ቀን ስጣትና ከተስማማት ሌላ ጨምር። ለእማማም በዘዴ ንገራቸው፤ ሹካውን ስትይዝ ሲያዩህ ይተዉታል። አንድ ሹካና ሁለት ትንንሽ ማንኪያ በዚሁ ልኬልሃለሁ።

ሥራ ደህና ነው።

እህትህ


ኅዳር 25 ቀን

ለምወድሽ እታለም፤

ሰላምታችን ባለሽበት ይድረስሽ። ሹካውም ማንኪያውም ደርሷል፤ እጅሽ ይባረክ።

ያልሽኝን አደረግሁ። ዱባውን በሹካ ስደፈጥጠው የሚያወጣው ድምፅ አለ፤ ልጽፈውም አልፈልግም። አንድ ማንኪያ አጎረስኳት። ያዘችው፣ አሰበችበት፣ ከዚያ "ፕፍፍ!" ግማሹ ጢሜ ላይ፣ ግማሹ ለጥገና የመጣ የአንድ ፖሊስ ቡትስ ውስጥ። ሰውየው ሳያይ ጠረግሁለት። በማግሥቱ ግን ተመልሶ "ጫማዬ ውስጥ ምን አስገባህበት?" ብሎ ጮኸብኝ። ካሮቱንማ ተዪው። በላይ እንደገባ ሆኖ በታች ይወጣል፤ ቀለሙ እንኳ አይለወጥ! ጨርቋን የማጥበው ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

እማማ ሹካውን አይተው፣ "ይሄ ብረት ድዷን ይወጋታል" አሉና ወደ ጥርሳቸው ተመለሱ። ባለቤቴ ደግሞ ከሥራ ደክማ ስለምትገባ እኔና እናቷን የማስታረቅ ጉልበት የላትም።

እታለም፣ ስለ ቆርቆሮው ደግሜ ልለምንሽ። በር ላይ ከተፈተሸ ከበሩ ውጭ ሱቅ የለም? የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ እህቷ ልካላት ልጇ ጉንጩ ሊፈነዳ ደርሷል። "የናንተዋ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ አይደለች እንዴ?" አለቻት። ባለቤቴ ይህንኑ መጥታ ነገረችኝ። አንድ ብቻም ይበቃናል።

ወንድምሽ


ጥር 3 ቀን

ለወንድሜ፤

እንደምን ከረማችሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለድንቡሼ ሁለት የሱፍ ካልሲና ለባለቤትህ ሻሽ ልኬያለሁ።

ቆርቆሮውን ተወው። ድንቹ ይሻላታል። የሙጥኝ ብለህ አትያዘኝ እንጂ! ድንቹ ይሻላታል አልኩህ።

እህትህ


ጥር 24 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ሻሹና ካልሲው ደርሷል። ባለቤቴ አመሰግናለሁ ብላለች።

ከእንግዲህ ስለ ቆርቆሮ አላስቸግርሽም፤ ራሴ ገዝቻለሁ። ገበያ መግቢያ ላይ ካለው ነጋዴ ሦስት ወሰድኩ። ያው የሚስቀው ሕፃን ነው፤ ያው ያንቺ ፋብሪካ። ለወንድሟ ልጅ አንድ ቆርቆሮ የሰሰተች ሴት እንዳትቸገር ብዬ ነው።

ነገር ግን የሆነውን ማወቅ አለብሽ። ቆርቆሮውን በጀመርን በሳምንቱ ድንቡሼ ተቅማጥ ያዛት። አረንጓዴ፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚደፍቅ፣ ሽታው ከማስቲሼ ሽታ በላይ ቤቱን የሞላ። እማማ አሁንም በድብቅ እያላመጡ ያጎርሷት ነበር፤ በዓይኔ ይዣቸዋለሁ። ያን ጊዜ የስንት ወር ጥያፌዬ አንድ ላይ ገነፈለ። "እርስዎ ነዎት! ይህ የበሰበሰ አፍዎ ነው ልጄን የመረዛት!" አልኳቸው። በዚህ ቃል። ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ።

እማማ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ፎጣቸውን ከምስማሩ አውርደው ወጡ። ይኸው አሥር ቀን ሆነ፤ አልተመለሱም። ባለቤቴም ከ"ጨው አቀብለኝ" በስተቀር አታናግረኝም።

ልጅቷ አሁንም አልዳነችም፤ ጉልበት እንድታገኝ በቀን ሦስቴ ከቆርቆሮው ብቻ አበላታለሁ። ሁለተኛውን ከፍቻለሁ።

ወንድምሽ


ቴሌግራም፤ የካቲት 8 ቀን

ቆርቆሮውን አታብላት። ዛሬውኑ አቁም። ሐኪም አሳያት። ደብዳቤ ይከተላል። እህትህ።


የካቲት 9 ቀን

ወንድሜ፤

ዛሬ ሰላምታ ለመጻፍ አፍ የለኝም። ልጅቷ እንዴት ናት?

ሁለት ዓመት "የሕፃናት ምግብ እሠራለሁ" ብዬ ጻፍኩላችሁ። እናታችን ሳትሞት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራችው። እኔ የምሠራው መጥረግ ነው።

የማሸጊያው ማሽን ሥር ጉድጓድ አለ። ከላይ የሚተርፈው ዱቄት እዚያ ይወርዳል። ከጎኑ የሚያልፈው የእንፋሎት ቧንቧ ደግሞ ቀን ከሌት ያንጠባጥባል። የእህል ዱቄት፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ሙቅ ውሃ። በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። በሦስተኛው ቀን ይንቀሳቀሳል፤ በረሮው ነው፣ አንዳንዴም ትሉ። አለቃችን ምንም እንዲጣል አይፈልግም። በአካፋ አወጣዋለሁ። ከኋላ ባለች መስኮት በሌላት ክፍል ምድጃ ላይ አደርቀዋለሁ። በመዳፌ እፈረፍረዋለሁ፣ በወንፊት እነፋዋለሁ። ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን እጥላለሁ፦ ክንፉን፣ እግሩን፣ ፀጉሩን፣ የአይጡን ኩስ። ወንፊቱ ያሳለፈው ወደ ማደባለቂያው ይመለሳል። "ተመላሽ" ይሉታል። ሽታው እንደ ኮመጠጠ ትውከት ነው፤ ከፀጉሬም ከጥፍሬም አይለቅም። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የሞተ አይጥ አገኘሁ፣ ሆዱ የፈነዳ። አለቃውን ጠራሁት። በጅራቱ አንሥቶ ወረወረና፣ "እሳት ያየ ነገር አይገድልም፤ ንፊው" አለኝ።

ነፋሁት።

ስለ ድንቡሼ ከጻፍክልኝ ጀምሮ ልነግርህ አራት ጊዜ ብዕር አነሣሁ። ማን ነው የምነግረው? አንተን! የዝንብ ጥላ የምትጠየፈውን! ይህን ካወቅህ በኋላ እጄን የምትጨብጠኝ አልመሰለኝም። ስለዚህ ሹካ ላክሁ፣ ካልሲ ላክሁ። ሥራ ደህና ነው አልኩ።

አሁን ሂድና እማማ እግር ላይ ውደቅ። እሳቸው ያላቸውን ነው ለልጅቷ የሰጡት።

እህትህ


መጋቢት 18 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ቴሌግራሙም ደብዳቤውም ደርሶኛል።

ድንቡሼ ጤና ጣቢያ አራት ቀን ተኛች። የጨውና የስኳር ውሃ በማንኪያ፣ ጠብታ በጠብታ፣ እኔና እናቷ እየተፈራረቅን ሰጠናት። ነርሷ ቆዳዋን ቆንጠጥ ስታደርገው ተጨምድዶ ይቀር ነበር። ድንቡሼ ብለን መጥራት አፍረን "ልጅቷ" ማለት ጀምረን ነበር። አሁን ተነሥታለች፤ ጡቷን በደንብ ይዛለች።

ደብዳቤሽን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ስጨርስ ተነሥታ ያንቺን ሻሽ ከሣጥን አወጣችና ሣህን ላይ ዘረጋችው። "ንፋው" አለችኝ። ያልተከፈተውን ሦስተኛ ቆርቆሮ ከፍቼ በሻሹ ነፋሁት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንዲት እግር ወጣች፤ ቡናማ፣ እንደ ክር የቀጠነች፣ ፀጉር ያላት። ሁለታችንም ወደ ጓሮ ወጣን። እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄጂ መልሺልኝ። ለኔ ልጅ ቀፈፈሽ። ለሌላው ሰው ልጅ ስንት ጊዜ ነፋሽ?

ወንድምሽ


ሚያዝያ 6 ቀን

ለወንድሜ፤

ሁለት ዓመት ከአራት ወር። በቀን ሁለት ጆንያ፤ አንዳንድ ቀን ሦስት።

የጠየቅኸኝን እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ ሳምንት አስመለሰኝ። ሁለተኛው ሳምንት አፍንጫዬን በጨርቅ አሠርኩ። ከዚያ ጨርቁንም ረሳሁት። አልዋሽህም፣ ስለ ሕፃናቱ አላስብም ነበር፤ ስለ ወገቤ ነበር የማስበው። ቆርቆሮው ላይ ያለው ሕፃን የማንም ልጅ አልነበረም። "ድንቡሼ ስድስት ወር ሞላት" ብለህ ስትጽፍልኝ ነው የሰው ልጅ የሆነው። ይህ ነው ከአይጡ በላይ የሚያንገሸግሸኝ።

ቴሌግራሙን በላክሁ በሦስተኛው ቀን ከ"ተመላሽ" ጆንያ አንድ ከረጢት ሙሉ ዘግኜ በቀሚሴ ሥር አስሬ ወጣሁ። ፈታሹ የሚፈልገው ቆርቆሮ ስለሆነ አላገኘውም። የከተማው ጤና መሥሪያ ቤት ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩት። ጸሐፊዋ ወንበሯን ገፍታ ሸሸች። ተቆጣጣሪው ግን ጎንበስ ብሎ በእርሳስ ገለጠው። "ይህን ማን ነው የሚሠራው?" አለ። "እኔ" አልኩት።

ኋለኛዋን ክፍል አሽገዋታል። እኔ ተባረርኩ። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩት ሴቶች በር ላይ ጠብቀው፣ "ስትጠርጊ ኖረሽ ዛሬ ነው ንጹሕ የሆንሽው?" አሉኝ። አንዷ ተፋችብኝ። ምራቋን አልጠረግሁትም፤ እውነቷን ነው።

አሁን ልብስ ማጠቢያ ቤት ገብቻለሁ። ነጭ ነገር መብላት ግን አልቻልኩም፤ ሩዝ እንኳ ሳየው የሚንቀሳቀስ ይመስለኛል። የማትጽፍልኝ ከሆነ ይገባኛል። የድንቡሼን ደህንነት ብቻ በሁለት መስመር ንገረኝ።

እህትህ


ግንቦት 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ጤናሽን፣ ጉልበትሽን፣ እንቅልፍሽን ፈጣሪ ይመልስልሽ።

ድንቡሼ ድናለች። ስሟም ተመልሶላታል። የእንቁላል አስኳል ትበላለች፤ የተፈጨ ምስርም ትወዳለች። ትናንት ግድግዳ ይዛ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ማስቲሽ ላይ ተቀመጠች።

ስለዘገየሁ ምክንያት አልፈጥርም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኳቸው። የጻፍሽውን ወረቀት በጣቴ ስይዘው ይቀፈኝ ነበር። አንቺ እውነቱን ስለነገርሽኝ እኔም እነግርሻለሁ። ተጸይፌሽ ነበር። እህቴን፣ ንፍጤን በቀሚሷ እየጠረገች ያሳደገችኝን!

ወደ እማማ ግን እንዳልሽኝ ወዲያው ነው የሄድኩት። ደጃፋቸው ላይ ልብስ ያጥባሉ። ተንበረከክሁ። ቀና ብለው አላዩኝም።

"የበሰበሰ አፍ ነው ያልከኝ?" አሉ።

"አዎ እማማ።"

"አሁንስ?"

"አሁን የበሰበሰው የኔ ሆኖ ተገኘ።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ አለቀሱ። ከዚያ ደግሞ "ተነሥ፣ ውሃዬን አደፈረስከው" አሉኝ። በማግሥቱ መጡ። ነርሷም በአክብሮት አስቀምጣ፣ ማላመጡም ለሕፃን ጥሩ እንዳልሆነ፣ ከአዋቂ አፍ በሽታ እንደሚተላለፍ አስረዳቻቸው። "ድሮውንም መንጋጋዬ ደክሞ ነበር፤ የሚነግረኝ ነው ያጣሁት" አሏት። ይኸው አሁን በሹካ ይደፈጥጣሉ፤ እኔን "ወፍራም አደረግኸው" እያሉ ያርሙኛል።

ያንቺን ነገር ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። "ጻፍላት" አሉኝ። "ትምጣ በላት። ያን ሁሉ ያየች ሴት ከእንግዲህ ለልጅ የሚሆነውንና የማይሆነውን ከማንም በላይ ታውቃለች በላት።" እኔ ምንም አልጨመርኩም። ቃላቸው ነው።

አሁን ደግሞ የኔን ልጻፍ። ባለፈው ሳምንት በገበያው መግቢያ ሳልፍ ነጋዴው ያንኑ ቆርቆሮ ደርድሯል። የሆነውን ነገርኩት። "የሰው ሸቀጥ አታጥፋ፤ ታሽጎ የመጣ ነገር ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ቤት ተመልሼ ደብዳቤሽን አመጣሁ። የሱቁ በር ላይ ቆሜ ከ"ጉድጓድ አለ" ጀምሬ ጮክ ብዬ ማንበብ ያዝኩ። መጀመሪያ ሁለት ሰው ቆመ፤ ከዚያ አምስት፤ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። "ነፋሁት" የሚለው ጋ ስደርስ የፊተኞቹ ከመደርደሪያው ራቅ አሉ።

ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ቆርቆሮ ይዛ ከፊቴ ነበረች። ፊቷ ላይ ያለውን አወቅሁት፤ ሁለት ወር ሙሉ እኔ ፊት ላይ የነበረው ነው። "ይህን ስታደርግ የኖረች ምን ዓይነት አውሬ ናት? ታውቃታለህ?" አለችኝ።

ነጋዴው ክንዱን አጣጥፎ ያየኛል። ወረቀቱን መንገድ ላይ አገኘሁት ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም።

"እህቴ ናት" አልኩ። "የነፋችውም የጻፈችውም። የእናቴ ልጅ ናት።"

ሴትየዋ ቆርቆሮውን መደርደሪያው ላይ መልሳ፣ የልጇን እግር አስተካክላ አዝላ ሄደች።

ወንድምሽ